ግራ ጎኑ ያለቀ ጎማ

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ማልዳ ወደ ፋብሪካ የምትሄድ ሴት ናት። ከእግረኛ ድልድዩ ሥር ባለው ቦይ፣ ቁርጭምጭሚት በማይሸፍን የዝናብ ውሃ ውስጥ አንድ ሰው በደረቱ ተደፍቷል። ብስክሌቱ ድልድዩ ላይ በጎኑ ወድቋል። ሴትዮዋ ጮኸች፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተሯ ደረሰች።

ኢንስፔክተሯ በወንጀል ምርመራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር፦ ትፈራለች። ሬሳ ትፈራለች፣ የተዘጋ በር ትፈራለች፣ ሰው ከኋላዋ ሲቆም ትፈራለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ልበ ድንጋይ» ይሏታል። እጆቿን ሁልጊዜ ኮቷ ኪስ ውስጥ የምትከተው እንዲህ ያለ ጊዜ ስለሚንቀጠቀጡ መሆኑን ግን አንድም ሰው አላወቀባትም።

«ጠብታ እኮ ነው!» አለ ሳጅኑ የሟቹን ፊት እንዳየ።

ጠብታን የማያውቅ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብስክሌት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ላይ ቆሞ ጓዳ ውስጥ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይሰማል ስለሚባል ነው ቅጽል ስሙ የወጣለት።

«ይሄ እንኳ ብዙም አያስቸግርም፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። «ዱካውን ይመልከቱት።»

ከኮረብታው ወደ ድልድዩ በሚወርደው የጭቃ መንገድ ላይ የአንድ ብስክሌት ዱካ ብቻ ነበር። ዱካው በቀኝ በኩል ጥርሱ ጥርት ብሎ ታትሟል። በግራ በኩል ልሙጥ ነው፤ በየሁለት ሜትሩ ደግሞ እንደ ጥፍር ያለች ስንጥቅ ትታያለች። ሳጅኑ የወደቀውን ብስክሌት የኋላ ጎማ አዙሮ አሳያት። ግራ ጎኑ መላጣ ነው፣ ስንጥቋም አለች።

«ቁልቁለቱን ወረደ፣ ፍሬን እንቢ አለው፣ ከድልድዩ ግንብ ተላትሞ ወደታች ተወረወረ። በቃ።»

«የፊት ጎማው ዱካ የታለ?»

«ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው የኋላው የፊቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው።»

እውነቱን ነው። እሷ ግን ቦዩ ውስጥ ወርዳ ተቀመጠችና ሬሳውን አየች። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው።

«በግንባሩ የተደፋን ሰው ማጅራቱን ምን መታው?» አለች። «ቦርሳው ተከፍቷል፣ እስክሪብቶው አለ። የሚጽፍበት ደብተርስ?»

ሳጅኑ ቦርሳውን ፈተሸ፤ ደብተር የለም። እሷም ቀና ብላ በሁለቱም ወገን የተደረደሩትን መስኮቶች አየች። ከአንዱ ሆኖ ሰው የሚያያት መስሏት ማጅራቷን በረዳት።

የጠብታ ሚስት መርዶውን ከሰማች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን ሹራብ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች፣ ደግሞ ታጥፋለች።

«በጭቃው ቁልቁለት? እሱ?» አለች። «ጉልበቱን ካመመው ወዲህ እንኳን በብስክሌት በእግሩም አይወርድባትም። ሁልጊዜ በድንጋዩ መንገድ ዞሮ ነው የሚሻገር።»

«ሰሞኑን ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ‹ለመሆኑ የተዘጋ ቤት ውሃ ይጠጣል?› አለኝ። ቧንቧው አፍስሶ ይሆናላ አልኩት። ‹እኔ የሚፈሰውን ከሚጠጣው አልለይም?› ብሎ ተቆጣኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ‹ሰው ቀጥሮኛል፣ አብረን ለፖሊስ እንናገራለን› ብሎ ወጣ።»

«ማን ነው የቀጠረው?»

ሴትዮዋ ሹራቡን ፊቷ ላይ አደረገች። «አልጠየቅኩትማ! ቀለል አድርጌ አየሁት! ምነው ያኔ በጠየቅኩት!»

የብስክሌት ጠጋኙ ስድሳውን ያለፈ፣ ጣቶቹ እንደ ብረት የጠቆሩ ሰው ነው። የተጣመመ ብረት ስለሚያቀና «ወጌሻ» ይሉታል። ኢንስፔክተሯ የሟቹን ብስክሌት ጭና ሱቁ አመጣችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ለምን እንዲህ አለቀ?»

ወጌሻው ጎማውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ጎማ እንደ ጫማ ነው ልጄ፣ ባለቤቱን ያሳብቃል። አየር ሲያንሰው ሁለት ጎኑ ይበላል፣ መሐሉ ይተርፋል። አየር ሲበዛበት ሆዱን ይነፋና በመሐሉ ብቻ ይሄዳል፤ መሐሉ ያልቃል። ፍሬን በድንገት የሚጨመድድ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይልጠዋል።»

«ይሄ ግን ግራ ጎኑ ብቻ ነው።»

«እሱማ ሌላ በሽታ ነው። ወይ ጎማው ተጣሞ ታስሯል፣ ወይ የብስክሌቱ አጥንት፣ ብረቱ ራሱ ተጣሟል፣ ወይ ባለቤቱ ዘወትር በአንድ ወገን ከባድ ነገር ያንጠለጥላል። እንየዋ።»

ረጅም ሲባጎ አመጣ። አንዱን ጫፍ ከኋላ ጎማው እምብርት በግራ በኩል አስሮ፣ በመሪው አንገት ላይ አዙሮ፣ በቀኝ በኩል መልሶ አሰረው። ከዚያ በሲባጎውና ከኮርቻው ሥር በሚወርደው ብረት መሐል ያለውን ክፍተት በጣቱ ለካ። በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝም ሁለት ጣት። እንደገና ለካ። የፊት ጎማውን አየ፣ ክብና ደልዳላ ነው። ዕቃ መስቀያ የለውም፣ ጎኑ ላይ የጭነት ጭረት የለውም።

«ጉድ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብስክሌቱ እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማውም ደህና ታስሯል። ይሄ ጎማ በሽታውን ከሌላ ቤት ነው ያመጣው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጎማው ጎንበስ አለች። ታያት። ጠብታ እንደ ልማዱ በድንጋዩ መንገድ መጣ። ገዳዩ በጭቃው ወረደ። ከገደለው በኋላ ዞር ብሎ ሲያይ የገዛ ጎማው ዱካ እንደ ፊርማ መሬቱ ላይ ታትሟል። ስለዚህ የራሱን የኋላ ጎማ ፈትቶ ለሟቹ ብስክሌት ሰጠው፣ የሟቹን ለራሱ አሰረና በድንጋዩ ላይ ዱካ ሳይተው ሄደ። ሬሳ አጠገቡ ተጋድሞ ብሎን የሚፈታ ሰው!

«ይሄን ለመቀየር ስንት ደቂቃ ይበቃል?»

«መፍቻ ላለው ሰው? አሥር ደቂቃ።» ወጌሻው ሳቀ። «እኔ ደግሞ ሃያ መፍቻ አለኝ።»

እሷ አልሳቀችም።

በጠብታ መስመር ላይ አሥራ አንድ የተዘጉ ቤቶች ነበሩ። ረቡዕ ዕለት ከሳጅኑ ጋር እየዞሩ ቆጣሪዎቹን አነበቡና መሥሪያ ቤቱ ካለው ካለፈው ወር ንባብ ጋር አስተያዩ። ስምንቱ ንቅንቅ አላሉም። ሦስቱ ግን ሄደዋል።

አንዱ የወጌሻው ሟች ወንድም ቤት ነበር። ወጌሻው ሲጠየቅ ጆሮውን እያከከ «ብስክሌት አጥብበታለሁ» አለ። «ጠብታም አይቶ ‹ወንድምህ ከሞተ በኋላ ንጹሕ ሆነ› ብሎ ቀልዶብኛል።»

ሁለተኛው ከመኪና እጥበቱ ጀርባ ያለ ቤት ነው። አጣቢው በጎማ ቱቦ ውሃውን ሲስብ ከርሟል። ጠብታ ሊያስቆርጥበት ሲል «ቧንቧዬ የተቆረጠ ዕለት አንተም ትቆረጣለህ!» ብሎ ሰው ፊት ዝቶበታል።

ሦስተኛው የአንዲት አሮጊት ቤት ነው። አሮጊቷ ለሕክምና ሌላ ከተማ ሄደው እዚያው ሞተው ተቀበሩ ተብሏል። ቁልፉን የያዘው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው።

«ላከራየው አስቤ መጋረጃና ብርድ ልብስ አጥቤ ነበር» አለ። «ከፈለጋችሁ ግቡና እዩት።»

በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ሳሎኑ ጨለም ያለ ነው፤ ወንበሮቹ አንሶላ ለብሰዋል። በስተኋላ አንድ ክፍል ተቆልፏል።

«የዚህ ቁልፍ ከአክስቴ ጋር ጠፋ» አለ ልብስ ሰፊው። «ልሰብረው አንጀቴ አልችል አለ። ሽታዋ ያለበት ክፍል ነው።»

ኢንስፔክተሯ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። ምንም አልሰማችም። ግን የክንዷ ፀጉር ቆመ። ልብስ ሰፊው ከኋላዋ፣ ትንፋሹ በሚሰማበት ርቀት ቆሟል። ከዚያ ቤት ከመውጣት በቀር ሌላ ነገር አልፈለገችም።

«ይበቃል፣ እንውጣ» አለች።

ሳጅኑ ቀድሟት ወጥቶ የልብስ ሰፊውን ብስክሌት አይቶ ጨርሷል። «የኋላ ጎማው ደልዳላ ነው፤ አንድ ወገን ያለቀ ነገር የለበትም» አላት። የወጌሻውም እንዲሁ ነበር። የአጣቢውን ብስክሌት ሲያዩ ግን ሳጅኑ ጭኑን መታ። የኋላ ጎማው ግራ ጎን መላጣ ነው!

«ያዝነው!» አለ።

አጣቢው እየጮኸ ታሰረ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጣቢያ ድረስ መጣ። ጠብታ በሞተበት ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት አጣቢው የሱን አውቶቡስ ሲያጥብ ነበር፤ ረዳቱም ጥበቃውም አይተውታል። ሳጅኑ ኩምሽሽ አለ።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ኢንስፔክተሯ በግንብ መሐል ባለው ጠባብ መንገድ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ሽክ... ሽክ... ሽክ። ብስክሌት ነው፤ በቀስታ የሚነዳ። ቆመች። ድምፁም ቆመ። መራመድ ስትጀምር ጀመረ። ሽክ... ሽክ... ሽክ። መዞር አቃታት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። መንገዱ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ሮጠች። ዞር ስትል መንገዱ ባዶ ነው።

ዓርብ ጠዋት ለሳጅኑ እንኳ ሳትነግር ወጌሻው ዘንድ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ ተጠርጣሪዎች አንዱ እሱ መሆኑን አልረሳችም። ከእጁ ያለውን ትልቅ መፍቻ እያየች በሩ አጠገብ ቆመች።

«ፈርተሻል» አላት ወጌሻው።

«አዎ» አለች። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። «ጋሼ፣ ሲሄድ ሽክ ሽክ የሚል ብስክሌት ምን ሆኖ ነው?»

«በየዙሩ ነው ወይስ ዝም ብሎ?»

«በየዙሩ።»

«ጎማው አጥንቱን እየነካ ነዋ። ቀጥ ያለ ጎማ በተጣመመ አጥንት ውስጥ ሲታሰር እንደዚያ ይታሻል።» ወጌሻው መፍቻውን አስቀመጠ። «ለመሆኑ እናንተ በየቤቱ ስትዞሩ ምን ዓይነት ጎማ ነበር የምትፈልጉት?»

«በአንድ ጎኑ ያለቀ።»

«ወይ ልጄ! ጎማ በሦስት ቀን ያልቃል እንዴ? ያለቀውን እኮ ለሟቹ ሰጥቶታል። አሁን በሱ ላይ ያለው የጠብታ ደህና ጎማ ነው። የታመመ ብስክሌት ላይ ጤነኛ ጎማ ፈልጊ።» ከመሳቢያ ሲባጎውን አወጣና ሰጣት። «ከእኔ ጀምሪ። ያለዚያ በዚህ ሱቅ ደህና እንቅልፍ አልተኛም።»

የወጌሻውን ብስክሌት ለካች። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት። ጣቢያ ሄዳ የአጣቢውንም ለካች። እሱም ቀጥ ያለ ነው፤ ጎማውን የበላው በግራ በኩል የሚያንጠለጥለው የውሃ ጀሪካን ነበር። ጀሪካኑ ብረቱን ቧጭሮታል። የቀረው አንድ ብስክሌት ነው።

ለሳጅኑ ስልክ ደውላ «ልብስ ስፌቱ ቤት ድረስልኝ» አለችው። ከሱቁ ማዶ ቆማ ልትጠብቀው ነበር ሐሳቧ። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ ግን ልብስ ሰፊው ብስክሌቱን ገልብጦ የኋላ ጎማውን ብሎን እየፈታ ነው። ጎማው ከወጣ ማስረጃው አብሮ ይወጣል። ሳጅኑ የለም። እግሯ እንቢ አለ። በግድ አንቀሳቀሰችው።

«ደህና ዋሉ» አለች በሩን ገፍታ።

«ኢንስፔክተር! ይግቡ፣ ይግቡ። ጎማው እየታሸ አስቸገረኝ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«እስቲ ረዘም ያለ ክር ይስጡኝ።»

ምንም ሳይጠይቅ ወፍራም ክር ቆርጦ ሰጣት። እምብርቱ ላይ አሰረች፣ በመሪው አንገት አዞረች፣ መልሳ አሰረች። ጣቷን አስገባች። በቀኝ ሦስት ጣት። በግራ አንድ ጣት እንኳ በግድ። ብረቱ ላይ ጎማው ያሸበት ቦታ ትኩስና ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል።

ቀና ስትል ልብስ ሰፊው በሩ አጠገብ ነበር። መወርወሪያውን ቀስ ብሎ ወረወረው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ትልቁ የጨርቅ መቀስ እጁ ላይ ነው።

«ልኬቱ ስንት መጣ?» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አላት። «ትናንት ሮጠሽ አመለጥሽኝ። ለምን አንገትሽን አዙረሽ እንዳላየሽኝ ግን እስካሁን ይገርመኛል።»

«ስለፈራሁ» አለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ደግሞ ባሰብኝ።»

ይህን ስትል እጇ ብስክሌቱን ይዟል። ሲንደረደርባት ብስክሌቱን በሙሉ ክብደቷ ገፍታ ጣለችበት። ፔዳሉ ጉልበቱን መታው፣ መቀሱ ግን ክንዷን ሸረከተው። የስፌት መኪናው ወደቀ። እየጮኸች ወደ ጥግ ተንፏቀቀች። ያኔ የመስታወቱ መሰበር ተሰማ። የሳጅኑ ጫማ ቀድሞ ገባ፣ ሳጅኑም ተከተለ።

ልብስ ሰፊው እጁን የፊጥኝ ታስሮም ፊቱ አልተለወጠም። አንዴ ብቻ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ከመቀሱ ይልቅ አስፈራቻት።

ሳጅኑ የጨርቅ ጥቅሎቹን ሲያነሳ የጠብታ ደብተር ከሥር ወጣ። ኢንስፔክተሯ ደም በነካው ጣቷ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ያለፈው ሳምንት ንባብ ነው፤ የአሮጊቷ ቤት።

«ማክሰኞ። ቤቱ ዝግ ነው። ቆጣሪው ይሄዳል።

ዓርብ። ዝግ ነው። ቆጣሪው ይሄዳል። ቧንቧውን በመፍቻ መታ መታ አደረግሁት። ከውስጥ መልሶ መታ።»

ሳጅኑ አንብቦ ቀና ሲል እሷ መንገድ ላይ ነበረች። ታሳሪውን ለደረሱት ፖሊሶች ትቶ ተከተላት።

እየሮጠች አሰበችው። ጠብታ ውስጥ ሰው እንዳለ ሲያውቅ የሚያምነውን ባለ ቁልፍ ነው የነገረው። ባለ ቁልፉም «ድልድዩ ጋ እንገናኝና አብረን ለፖሊስ እንናገር» አለው። እሷ ደግሞ ረቡዕ ዕለት መዳፏን በዚያ በር ላይ አሳርፋ ነበር። አሳርፋ፣ ፈርታ፣ ሄደች!

ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ልብስ ሰፊው ውሃውን ከዋናው ላይ ዘግቶታል። ረቡዕ ካነበቡት ቁጥር አንድም አልጨመረም። ሁለት ቀን ሙሉ ያ ቤት አልጠጣም።

የኋለኛውን ክፍል በር ሳጅኑ በሦስተኛው ምት ሰበረው። መስኮቱ በእንጨት ተቸንክሯል። ወለሉ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ የብርድ ልብስ ክምር አለ። ኢንስፔክተሯ ክምሩን ለመግለጥ እጇን ዘረጋች። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዋ አታውቅም። ክምሩ ተነቃነቀ።

አሮጊቷ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በቀጭን ጣቶቻቸው የብረት ማንኪያ ጨብጠዋል።

«አልፈርምም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ብትገድለኝም ቤቴን አልፈርምልህም።»

«እማማ፣ እኛ ፖሊስ ነን። እሱ ታስሯል።»

ሳጅኑ ውሃውን ሊከፍት ሮጠ። እሷ በዚያው ማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣቻቸው። አራተኛው ማንኪያ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ።

አንዲት ጎረቤት በሩ ሲሰበር ሰምታ መጥታ በበሩ አንገቷን አስገባች፤ አሮጊቷን ስታይ ግን ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። «በስመ አብ! እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሼልሽ ነበር!»

«እንባሽ ከተረፈ አስቀምጪው፣ ኋላ ይፈለጋል» አሉ አሮጊቷ በደከመ ድምፅ። ከዚያ የኢንስፔክተሯን እጅ ያዙ። «ሰውየው የታለ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የቧንቧው። የሚሰጠኝ ኪኒን ያደነዝዘኛል፣ ድምፄ አይወጣም። ማንኪያ ነበር የቀረኝ። ቧንቧውን ሲመታ መልሼ መታሁለት፤ ሰማኝ። በግድግዳው በኩል ‹ማንም ሁን፣ ሰው ይዤ እመለሳለሁ› ብሎ ጮኸ። ስጠብቀው ነው የቆየሁት።»

ኢንስፔክተሯ ልትዋሽ አስባ ነበር። አልሆነላትም። «ሊመለስ ነበር እማማ። በመንገድ ላይ ገደሉት።»

አሮጊቷ ማንኪያውን ከእጇ ወስደው ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ሳጅኑ የጠራው አምቡላንስ ውጭ ሲቆም ተሰማ።

«ሚስት አለችው?»

«አለችው።»

«እሷ ዘንድ ውሰዱኝ።»

«ሐኪም ቤት ይቅደም እንጂ፣ እማማ!» አለ ሳጅኑ።

«ስማ ልጄ፣ እኔ ዛሬ አልሞትም። እሷ ግን ዛሬ ታለቅሳለች።»

አምቡላንሱ ከጠብታ ቤት ደጃፍ ቆመ። ኢንስፔክተሯ ክንዷን እንዳሰረች ወርዳ በሩን አንኳኳች። ሚስትየው ወጣች፣ አምቡላንሱን አየች፣ ምንም አልገባትም። አሮጊቷ ከተጋደሙበት እጃቸውን ዘርግተው እስክትጠጋ ጠበቁና ጣቶቿን ያዙ።

«ባልሽ ሰምቶኛል» አሏት። «ሰፈሩ ሁሉ ቀብሮኝ ሲቀመጥ እሱ ብቻውን ሰማኝ።»